ከበርበሬው ወፍጮ ጎን

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከበርበሬው ወፍጮ ጎን፣
ሰማንያ ወንበር ያለው ቤት፣ አንድ ነጭ ሸራም አለን።
እኔ በሩ ላይ ነኝ። ቲኬት እቆርጣለሁ፣
መብራት ሲሄድ ደግሞ ጄኔሬተር አስነሳለሁ።
ፊልሙን ብዙ አላይም፤ ከመጋረጃው ውጭ ነኝ፤
ሕዝቡ ሲወጣ ነው ታሪኩ የሚደርሰኝ።

በሰማያዊው ደብተር፣ ከገቢው ሒሳብ ዳር፣
«ምን አሉ?» የሚል ዓምድ አስምሬ ነበር፤
ስምንት ዓመት ሆነኝ ያንን ዓምድ ስሞላ፣
አንዱን ሳልጨምር፣ አንዱንም ሳልበላ።

«ዘጠነኛው ደረሰኝ» የታየ ዕለት ማታ
የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አንሙት ወጣ በዝምታ፤
ኮቱን ቆለፈና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ይግባኝ ያስፈልጋል» አለ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፤
«ገዳዩን ያወቅነው በአምስተኛው ደቂቃ፤
ፖሊሱ ግን እስኪያልቅ ከእንቅልፉም አልነቃ።
ምስክር አልተሰማ፣ ማስረጃ አልቀረበ፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ብቻ ዘነበ፤
ተከሳሹ ነጻ! ለምን? መልኩ ስላማረ!»
ጻፍኩት፦ «አንሙት። ቅር እንዳለው አደረ።»

ስለ መኪናው ፊልም የባጃጁ አለኸኝ
በእጁ መሪ ሠርቶ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦
«ዳገቱን በአምስተኛ ማርሽ ሲወጣ አየሁ፤
ሦስት ቀን ነዳጅ ሳይቀዳ! እኔ እዚህ እሰለፋለሁ!
ደራሲው ይጠየቅ፣ ማደያው የት ነው ያለ?»
ሲያማርር አመሸና፣ በማግስቱ መጥቶ ከፈለ።

ነርሷ ትሁኔ ደግሞ፣ ከሌሊት ተረኛ በፊት፦
«ደረቱን ተመትቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሠርግ ቤት
እስክስታ ወረደ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ
እስካሁን ካርድ ክፍል ነው፣ ፋይሉ ተሰውሮ።»

በስተኋላ በር ነው መሪጌታ ይርሳው የሚገቡ፣
ሰው እንዳይለያቸው ጋቢ እንደተከናነቡ።
አንዴ ብቻ ጠየቅሁ። ቆሙና ከደጃፉ፣
«ሰሙማ» አሉ፣ «ቀለጠ፣ ፈሰሰ ከነጫፉ፤
ወርቁን ስጠባበቅ አምፖሉ በራና
ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ በጎዳና።»

ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ አንድ አዘጋጅ መጣ፤
ከኋላ ቁጭ አለ፣ ፊቱ እንደ ገረጣ።
ፊልሙ የእናት ሞት ነው። ያን ዕለት ግን ማታ
ወፍጮው በርበሬ ላይ ነው፣ አልነበረውም ፋታ፤
ግድግዳችን ቆርቆሮ፣
ቀዳዳው የትየለሌ፣ ሚስማሩም ዘንድሮ…
ብቻ፣ ገና እናቲቱ ሳትታመም በፊት
ቤቱ በለቅሶ ሞላ፣ በሳል፣ በማንፈቅፈቂት።
አዘጋጁ እጄን ያዘ፦ «አገር ዞርኩ፤ እንዲህ ያለቀሰ
ሕዝብ አላየሁም!» ሲል የራሱም እንባ ፈሰሰ።
ምን ልበለው? ዝም አልኩ። እንግዳ አይከፋም ባገሬ፤
ዓምዱ ላይ ግን ጻፍኩ፦ «አለቀሱ። በርበሬ።»

የወፍጮዋ ባለቤት አንጓች፣ ሃያ ዓመት ስትፈጭ
ዓይኗ ደርቆ ቀርቷል፣ ጠብታም አያመነጭ።
በባሏ ቀብር እንኳ፣ ይላሉ፣ አላነባች፤
«ዓይኔ ሥራ ላይ ነው» ብላ ተመለሰች።

ሰኔ ላይ፣ ሰንበት ቀን፣ ወፍጮው በቆመበት፣
አንድ ፊልም አሳየን፤ አሥራ አንድ ሰው የገባበት።
ሽጉጥ የለ፣ ሠርግ የለ። አንዲት ሴት
የወንድ ሸሚዝ አጥባ ታሰጣለች፣
ሲመሽ፣ ደረቀም አልደረቀ፣ አጥፋ ታስገባለች፤
በማግስቱም ያንኑ። ይኸው ነው። አለቀ።
አንሙት «ክስ የለውም» ብሎ ሳቀ፤
አለኸኝ ተኝቶ፣ ቀሰቀስኩት በግድ፤
ሁሉም ወጣ ስል፣ ጥግ ላይ ቀረ አንድ።

አንጓች። መሐረብ የላት፤ ኖሯትም አያውቅ፤
በመዳፏ ጀርባ ጉንጯን ስትደብቅ።
«እንዴት ነበር?» አልኳት። ዝም አለች ለጊዜው።
«ወፍጮው ቆሟል አይደል?»
«ቆሟል፤ ሰንበት እኮ ነው።»
«እንግዲያ…» ብላ ወጣች።

ወንበሩን ሳልሰበስብ፣ እዚያው፣ እዚያው በዚያ፣
ደብተሬን ገለጥኩ፦
ገቢ፣ ከነዳጁ በታች። ምን አሉ? «እንግዲያ…»